ሐኪምሽ አዲስ አበባ፣ ምጥሽ ወልቂጤ

በእኛ ዕድሜ ያለች የከተማ ልጅ ማርገዟን ባወቀች ማግሥት የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማን ጋር ልከታተል?» መልሱ ደግሞ ከየአቅጣጫው ይዘንባል። አንዷ «እኔ እገሌ ጋር ነው የወለድኩት፣ እጁ መድኃኒት ነው» ትላለች። ሌላዋ «ኧረ ተይው፣ እሱ ቸኩሎ በኦፕራሲዮን ነው የሚያዋልደው፤ እገሊት ትሻልሻለች» ትላለች። አክስት በበኩሏ የምታውቃቸው ትልቅ ፕሮፌሰር አሉ። ስም ይለቀማል፣ ስልክ ይላካል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ የአልትራሳውንዱ ፎቶ ለወዳጅ ዘመድ ይበተናል። ከዚያ «ሐኪም ይዣለሁ» ተብሎ በሰላም ይተኛል።

ጋዜጠኝነት ስማር መጀመሪያ ያስጠኑኝ ስድስት ጥያቄዎችን ነው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ከስድስቱ አንዱን ብቻ መልሶ የመጣ ዘገባ ወደ ጸሐፊው ይመለሳል። እኛ ግን የሁለት ነፍስ ጉዳይ የሆነውን እርግዝና በ«ማን» ብቻ ጽፈን እናትመዋለን። «በዘጠነኛው ወር የት ነው የምትሆኚው?» ብላ የጠየቀች አክስት እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ክርክሬን በአጭሩ ላስቀምጠው፣ ከዚያ የሚሰድበኝ ይሰድበኛል። በእርግዝናዋ መሃል ቤት የምትቀይር ሴት አስቀድማ መምረጥ ያለባት ሐኪም ሳይሆን ቦታ ነው። ይዛ መሄድ ያለባትም የሐኪሙን ስልክ ሳይሆን የራሷን ወረቀት ነው። ሁለቱንም እንዳታደርግ የሚያግዳት ደግሞ አለማወቅ ብቻ አይደለም። የእኛ የአዲስ አበባ አምልኮ፣ የካርድ ክፍሉ ስስት እና የአለቆች ግድየለሽነት ተባብረው ነው የሚያግዷት።

ሁለት ቤት ያለው ሕዝብ

ይህ ጥያቄ ለየትኛዋም ኢትዮጵያዊት ይሠራል። ለወልቂጤና ለቡታጅራ ልጆች ግን ይብሳል፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ «ቤት» የሚለው ቃል ነጠላ ሆኖ አያውቅም። አዲስ አበባ አንድ ቤት አለ፣ አገር ቤት ሌላ ቤት አለ። መስከረም ሲጠባ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ደግሞ ለአረፋ፣ መርካቶ ሱቁን ቆልፎ ወደ አገሩ ይወርዳል። ዓለም ገና ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ወልቂጤ ይገባል፣ ሌላው በጢያ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ቡታጅራ ይደርሳል። በዚያ ሁሉ ተሳፋሪ መሃል ስንት ነፍሰ ጡር እንዳለች ቆጥሮ የሚያውቅ የለም፤ መኖሯን ግን ማናችንም እናውቃለን፤ አጠገባችን ተቀምጣ ሎሚ ስታሸት ዓይተናታል።

በዚህ ላይ አዲሱን የመንግሥት ካርታ ጨምሩበት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሁለቱም ከተሞች በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናቸው፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ማዕከል ሆና ቀጥላለች፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል ሆናለች። የክልሉ ቢሮዎች በተለያዩ ከተሞች ተከፋፍለው ነው የተቋቋሙት። ቢሮ በተከፋፈለ ቁጥር የሠራተኛው ሻንጣም አብሮ ይነሣል። ከጉብሬው ዩኒቨርሲቲ የተመደበች መምህርት፣ ቅርንጫፍ የተቀየረች የባንክ ሠራተኛ፣ ባሏ ቢሮ ተቀይሮ አብራው የምትሄድ ሚስት፣ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ሄዳ ልትወልድ ያሰበች ልጅ፤ ሁሉም በእርግዝና መሃል ቤት ይቀይራሉ።

የአዲስ አበባዋን ተከራይ እንዳንረሳት ደግሞ። ሆድ መግፋት ሲጀምር ፊታቸው የሚጠቁር አከራዮች እንዳሉ የተከራየ ሁሉ ያውቃል። «ልጅ ያለው አንፈልግም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከደላላው አፍ አይጠፋም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። አዋጁ ስላለ ግን ፊት የሚያጠቁረው አከራይ አልጠፋም፤ በፊቱ የተሳቀቀችው ልጅም ስምንተኛ ወሯ ላይ ፍራሽ ጠቅልላ «ልወለድበት» ወዳላት ወደ እናቷ ቤት ትወርዳለች።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሐኪምሽ የት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወልቂጤ የምትኖር፣ አዲስ አበባ የምትከታተል ሴት አለች እንበል። በየወሩ በሚኒባስ ትመላለሳለች። ሐኪሟ ጎበዝ ነው፣ አልጠራጠርም። ግን ምጥ ቀጠሮ አያውቅም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሽርት ውሃዋ ቢፈስ የምትደርሰው እዚያው ከተማ ያለ ተቋም ነው፤ የሚቀበላትም ስሟን ሰምቶ የማያውቅ ተረኛ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ከተከፈለው የትራንስፖርትና የካርድ ብር ውስጥ አንድ ሳንቲም እዚያች ክፍል ውስጥ የለም።

ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ ካልታከመ ጤነኛ የነበረችን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከወልቂጤ አዲስ አበባ በሁለት ሰዓት የሚያደርሳትን ሾፌር አውቃለሁ የሚል ካለ ይንገረኝ፤ እኔ ግን እሱ መኪና ውስጥ አልገባም። የእናቶችን ሞት ያጠኑ ሰዎች ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚሉት ነገር አለ፤ ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፣ በመንገድ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን በማግኘት መዘግየት። ሐኪሟን በሩቅ ከተማ ያስቀመጠች ሴት ሦስቱንም በገዛ ገንዘቧ ትገዛለች። ለመወሰን ትዘገያለች፣ ምክንያቱም «መጀመሪያ ለዶክተሬ ልደውል» ትላለች። በመንገድ ትዘገያለች፣ ርቀቱ ስለማይቀየር። ደርሳም ትዘገያለች፣ ተረኛው ከዜሮ ስለሚጀምር።

ደግሞ አንድ የማይነገር እውነት አለ። የመንግሥት ተቋም ውስጥ መደበኛ ወሊድን በአብዛኛው የምታዋልደው ሚድዋይፏ ናት። ያ ስሙ የተጠራው ስፔሻሊስት ነገር ሲበላሽ ነው የሚጠራው። እኛ ግን ወራት ሙሉ ስለ ስፔሻሊስቱ እንከራከራለን፤ ሌሊት እጇን ይዛ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ግፊ» የምትላትን ሴት ስም አንድ ቀን አንጠይቅም። እሷ የምትሠራበት ክፍል ውሃ አለው ወይ፣ ደም አለው ወይ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሣል ወይ ብለንም አናውቅም።

አጣት ላይ የተመለሰ ጥያቄ

«የት» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልገንም። መልሱ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጉብሬ ወዲያ ተቀምጧል። አጣት ሆስፒታል ይባላል። በ1969 (እ.ኤ.አ.) በካቶሊክ ሚሲዮናውያን እህቶች የተጀመረ ነው። በ1970ዎቹ ውስጥ እዚያ ግቢ አንድ ቀላል ሐሳብ ተግባራዊ ሆነ። በቀዶ ጥገና የወለደች፣ ምጥ የሚያስቸግራት፣ መንታ የያዘች ወይም ቤቷ ሩቅ የሆነ ሴት ምጡ እስኪመጣ ቤቷ ከምትጠብቅ፣ ቀደም ብላ መጥታ ሆስፒታሉ አጠገብ ትቀመጥ። ምጥ ሲጀምራት በቃሬዛ ተራራ መውረድ የለም፤ ግቢውን አቋርጣ ትገባለች። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የምናያቸው የእናቶች ማቆያዎች ሐሳባቸው ይኸው ነው።

ውጤቱ ተቆጥሯል። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዙ የጽንስና ማህፀን መጽሔት የወጣ ጥናት ከ1987 እስከ 2008 የነበረውን የአጣት ሆስፒታል የ22 ዓመት መዝገብ መረመረ። በእነዚያ ዓመታት 24,148 ሴቶች ወልደዋል፤ 6,805ቱ በማቆያው በኩል፣ 17,343ቱ ደግሞ በቀጥታ ከቤታቸው የመጡ። በማቆያው ካለፉት መሃል የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር ሲሰላ 90 ገደማ ነበር። በቀጥታ በመጡት መሃል ግን 1,333 ሆነ። ሞተው የተወለዱ ሕፃናት በማቆያው በኩል ከ1,000 ወደ 18 ይጠጋሉ፤ በሌላው ወገን 191 ናቸው። ከአምስት አንድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ማለት ነው።

አስተዋይ አንባቢ «ቆይ፣ ቆይ፣ በቀጥታ የመጡት እኮ ነገር ከተበላሸ በኋላ የመጡ ናቸው፣ እንዴት ይነጻጸራሉ?» ይላል። ልክ ነው፣ ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ግን ሌላም ቁጥር እዩ። በማቆያው ከቆዩት 38.5 በመቶው በኦፕራሲዮን ነው የወለዱት፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 20.3 በመቶው። ማቆያው ውስጥ የነበሩት አስቀድሞ የሚያሰጉት ሴቶች ነበሩ ማለት ነው። የሚያሰጉት ተርፈው የማያሰጉ የተባሉት ካለቁ፣ ልዩነቱን ያመጣው የሴቶቹ ዕድል ብቻ ሊሆን አይችልም። «ነገር ከተበላሸ በኋላ መጡ» የሚለው ራሱ የእኔ ክርክር ነው። ዘግይተው ነው የደረሱት።

ቡታጅራም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሌላ ጥናት አጣትን ያኔ ማቆያ ካልነበረው የቡታጅራ ሆስፒታል ጋር አስተያይቶ ነበር፤ የአጣት ማቆያ ተጠቃሚዎች ከሞተ ልጅና ከማህፀን መተርተር በተሻለ ተጠብቀው ተገኝተዋል። ቡታጅራ ለምርምር እንግዳ አይደለችም። ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በአካባቢዋ መንደሮች ልደትና ሞትን እየቆጠረ የኖረባት ከተማ ናት። ማስረጃው ደጃችን ላይ አለ፣ ጎረቤቶቻችን የተቆጠሩበት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የቸሃዋ ገበሬ ሚስት ምጧ ከመድረሱ በፊት ራሷን ወደ ሕክምናው ታዛውራለች። ዲግሪ ያለን የከተማ ልጆች ደግሞ ሕክምናውን አዲስ አበባ አስቀምጠን ራሳችንን ወልቂጤ እናዛውራለን። ከዚያ እሷን «ያልነቃች» እንላታለን።

የካርድ ክፍሉ ስስት

ቦታውን መረጥሽ እንበል። አሁን ደግሞ ሁለተኛው ጠብ ይጀምራል፤ ወረቀቱ።

አንዲት ጓደኛዬ በስድስተኛ ወሯ ባሏ ሥራ ቀይሮ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ተዛወሩ። ስትከታተል ወደነበረበት፣ ስሙን ወደማልጠቅሰው ተቋም ሄዳ ካርዷን ጠየቀች።

«እህቴ፣ ካርድ ከዚህ አይወጣም።»

«እሺ፣ ውጤቱን በወረቀት ጻፉልኝ።»

«እሱን ሐኪሟ ናት የምትጽፈው። እሷ ደግሞ ስብሰባ ሄዳለች። ሰኞ ተመለሺ።»

ሰኞ እሷ አይሱዙ ላይ ሶፋ እያስጫነች ነበር። አዲሱ ቦታ ደርሳ ሚድዋይፏ «የደም ዓይነትሽ?» ስትላት «ኔጌቲቭ ያሉኝ ይመስለኛል» አለች።

«ይመስለኛል» የሚለው ቃል ለክትፎ ቤት ምርጫ ይሆናል እንጂ ለዚህ አይሆንም። የደሟ ዓይነት ኔጌቲቭ የሆነች ሴት የልጇ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ቀጣዩን ጽንስ የሚያጠቃ ነገር ሰውነቷ ውስጥ ሊፈጠር ይችላል። ሾተላይ እያሉ እናቶቻችን ሲፈሩት የኖሩት ይኸው ነው። መከላከያው መርፌ በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ከወሊድ በኋላም በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። በየፋርማሲው እንደ ፓራሲታሞል የሚገኝ መድኃኒት ግን አይደለም፤ አስቀድሞ መፈለግ አለበት። አስቀድሞ ለመፈለግ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ያንን እውቀት ቆልፎ የያዘው ደግሞ ካርድ ክፍል ያለው የብረት መደርደሪያ ነው።

የደም ዓይነት አንዱ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተለካው የደም ግፊት በመጨረሻዎቹ ወራት ለሚመጣው ግፊት ማነጻጸሪያ ነው። ቀድሞ የተነሣው አልትራሳውንድ የመውለጃውን ቀን የሚቆርጠው ነው፤ ዘጠነኛ ወር ላይ የተነሣ አልትራሳውንድ ያንን ያህል አያስተማምንም። የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራ፣ የደም ማነስ ውጤት፣ የተወሰደው የቲታነስ ክትባት፣ ያለፈው ኦፕራሲዮን ለምን እንደተደረገ፤ ይህ ሁሉ የእሷ አካል ታሪክ ነው። ቤት ስትቀይር ድስቷን ሳትረሳ ትሄዳለች፣ ታሪኳን ግን ትታ እንድትሄድ ይፈረድባታል።

ይህ የእኔ ብቻ ጩኸት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር የሕክምና ማስታወሻዋን ራሷ እንድትይዝ ይመክራል። ጃፓን ከ1948 ጀምሮ ለእናትና ለልጅ የሚሆን መዝገብ በእናትየው እጅ እንዲሆን አድርጋለች፤ ያኔ ከጦርነት ፍርስራሽ ገና እየወጣች ነበር። ጎረቤታችን ኬንያም ለእናቶች ደብተር ትሰጣለች። ደብተር ነው የምለው፤ ሮኬት አይደለም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋም ይነበባል። ይህን ያህል የሚዘዋወር ሕዝብ ያለው ክልል ከማንም ቀድሞ ሊያትመው የሚገባ ነገር ነው።

ያው መመሪያ ቀድሞ አራት የነበረውን የክትትል ቁጥር ወደ ስምንት አሳድጎታል። የሚመክራቸውን ሳምንታት እዩ፤ እስከ 12ኛው ባለው ጊዜ አንድ፣ ከዚያ በ20፣ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40። ከስምንቱ አምስቱ ከ30ኛው ሳምንት ወዲህ ናቸው። ቤት የሚቀየረው በስድስተኛና በሰባተኛ ወር ከሆነ፣ አብዛኛው ክትትል የሚደረገው በአዲሱ ሰፈር ነው። «የድሮው ሐኪሜ ያውቀኛል» የምትይው ሰው የሚያውቀው የታሪኩን መግቢያ ነው።

በአገራችን ክትትል መጀመርና ተቋም ውስጥ መውለድ መሃል ሰፊ ክፍተት እንዳለ የ2019ኙ (እ.ኤ.አ.) አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያሳያል። 74 በመቶ የሚሆኑት እናቶች ቢያንስ አንዴ ከሠለጠነ ባለሙያ ክትትል አግኝተዋል፤ አራትና ከዚያ በላይ የተከታተሉት 43 በመቶ፣ በጤና ተቋም የወለዱት 48 በመቶ ናቸው። እርግጥ በ2016ቱ ጥናት በተቋም የወለዱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩና መሻሻሉ ትልቅ ነው። ክፍተቱ ግን አለ። ድህነትም መንገድም ያመጡት ነው፤ በሽግግር መሃል የተበጠሰ ክርም የራሱ ድርሻ እንዳለው አምናለሁ።

አለቆች፣ ባሎችና አክስቶች

ቦታ መምረጥ ለእሷ ብቻ የተተወ ውሳኔ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጮህም ነበር። ግን አለቃ አለ። «ወይ ቅርንጫፉን ተቀበይ ወይ ልቀቂ» የሚላት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከቋሚ የሥራ ቦታዋ ውጪ መድቦ ማሠራትን ይከለክላል፤ ሥራው ለእሷ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ነው የምትዛወረው። ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድበት ሰዓትም ከነደመወዟ ነው፤ አሠሪው የሐኪም ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ከወሊድ በፊት 30 የሥራ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ አላት።

ስለዚያ ሠላሳ ቀን አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን «ከወሊድ በኋላ ይሻለኛል» እያልን እስከ መጨረሻዋ ቀን ቢሮ እንገተራለን፤ አለቃም «ጀግና ናት» ይለናል። ሠላሳ የሥራ ቀን እኮ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። ከ34ኛው ወይም ከ35ኛው ሳምንት ጀምሮ የምትወልጂበት ከተማ ለመግባት፣ የምትወልጂበትን ተቋም አንድ ሁለቴ ለመታየት ይበቃል። አጣት ለቸሃዋ ሴት የሰጣትን ነገር ሕጉ ለደሞዝተኛዋ ሰጥቷታል። ማቆያሽ እሱ ነው። ለአለቃ በስጦታ አይመለስም።

ባልም አለ። «እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ እዚያው ውለጂ» የሚል፤ ወይም «እናትሽ ጋር ሂጂ፣ ቡላውንም ገንፎውንም እሳቸው ያውቁበታል» የሚል። ሁለቱም ጥሩ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። ቡላ እወዳለሁ፤ እናት ጋር መታረስን የሚያህል ነገርም የለም። ግን እናት ቤት የሚኬደው ምጥ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ያለ ወረቀት ከሆነ፣ ገንፎው ሳይገነፋ ሌላ ታሪክ ሊመጣ ይችላል።

«ወልቂጤ ምን አላትና?»

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። «አዲስ አበባ ይሻላል። ስፔሻሊስቱ እዚያ ነው፣ ደሙ እዚያ ነው፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ እዚያ ነው።» እውነት ነው፤ አልክድም። ከባድ የልብ ችግር ያለባት፣ ግፊቷ ገና ከጅምሩ የከፋ፣ በተደጋጋሚ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ትልቅ ሆስፒታል ያስፈልጋታል። ያኔ ግን ራሷ ትሂድ። ከወለደች በኋላም እስክትጠና እዚያው ትቆይ። እኔ የምቃወመው አዲስ አበባ መውለድን አይደለም። የምቃወመው ሐኪምን አንድ ከተማ፣ ሆድን ሌላ ከተማ ማስቀመጥን ነው።

ሌላም የምቃወመው አለ። የሚናገር አፍ፣ የሚጽፍ እጅና የሚከፍል ኪስ ያለን ሰዎች ሁላችን ክትትላችንን ወደ አዲስ አበባ ስንወስድ፣ የወልቂጤና የቡታጅራ ማዋለጃ ክፍሎች የሚቀራቸው «ለምን?» ብላ የማትጠይቅ ሴት ናት። ጄኔሬተሩ ቢበላሽ ማን ይጮሃል? ደም ቢጠፋ ማን ይጽፋል? ወልቂጤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ውሃ ለመጠየቅ በወጡ ነዋሪዎች ላይ ተተኩሶ ሰው የሞተባት ከተማ ናት። እዚህ አገር «ማዋለጃ ክፍሉ ውሃ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ጥያቄውን ይዘን አዲስ አበባ ከሸሸን ግን የሚጠይቀው አይኖርም፤ ካልተጠየቀ ደግሞ አይሠራም። «ወልቂጤ ምን አላት?» የምትይው እኮ አንቺ ሄደሽ ስላልጠየቅሻት ነው።

እንግዲህ ቤት ልትቀይሪ ያሰብሽ እህቴ፣ የማይታተም የመሰለሽን ደብተር ራሷ ስልክሽ ታትምልሽ። ከእያንዳንዱ ክትትል በኋላ ካርዱን ከመመለስሽ በፊት ፎቶ አንሺው፤ የላብራቶሪውንም፣ የአልትራሳውንዱንም። ከመሄድሽ ከሁለት ሳምንት በፊት የሪፈር ወረቀት ጠይቂ፣ ሶፋው በሚጫንበት ቀን አይደለም። ወረቀቱን ስትጠይቂ ውለታ እየለመንሽ አይደለምና ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ። አዲሱ ከተማ በገባሽ በሳምንትሽ፣ መጋረጃ ከመስቀልሽ በፊት፣ ቅርብሽ ያለውን ተቋም ሂጂና ጠይቂ፦ ሌሊት ኦፕራሲዮን የሚሠራ ሰው አለ? የሚያደነዝዝስ? ደም ቢያስፈልግ ከየት ይመጣል? አምቡላንሱ የሚደወልለት በየትኛው ቁጥር ነው? ከዚህ ካለፈ ወዴት ነው የምትልኩኝ? በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትልና ወሊድ በነፃ ነው፤ ስለዚህ ለመጠየቅ ብር አያስፈልግሽም። መልሳቸው ካላጠገበሽ ጊዜ አለሽ፣ ሌላ ቦታ ትፈልጊያለሽ። ምጥ ላይ ሆነሽ ግን ጊዜ የለሽም።

የክልሉ ጤና ቢሮ ደግሞ ይህን ካነበበ፣ ጥያቄዬ አንድ ነው። ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ስሟ የተጻፈበት፣ ይዛው የምትሄድ አንድ ደብተር ስጧት። አጣት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ሴትዮዋን ወደ ሆስፒታሉ አቅርቧል። እናንተ ወረቀቷን ወደ እጇ አቅርቡላት።

አክስቶቼንም አልረሳሁም። ለሚቀጥለው ልጅ የፕሮፌሰሩን ስልክ ከመስጠታችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ «የት ነው የምትወልጂው?» በሏት።